ስኳሩን የሚጨምረው እጅ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ኮሌጁ ንብረት እንዳስረክብ ጠራኝ። ካዛንቺስ ያለው ሕንፃ ሊለቀቅ ስለነበር ሁሉም ነገር በካርቶን እየታሸገ ነው። የሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ መንገድ ሆኗል፤ የቀረው አቧራ ለብሶ ተራውን ይጠብቃል። የንብረት ክፍሏ ልጅ ቅጿን ይዛ የቤተ ሙከራውን ዕቃ አንድ በአንድ እየጠራች ምልክት ታደርጋለች። ሚዛን፣ አለ። ምድጃ፣ አለ። የኔን መሳቢያ ስትከፍት ግን እስክሪብቶዋ ቆመ። ውስጡ አራት የማጣፈጫ ክኒን ማስቀመጫዎች፣ በላስቲክ ተቋጥሮ በቀይ ክር የታሰረ ስኳርና ጫፉ የተበላ አሮጌ ማንኪያ ነበሩ።

«ቲቸር፣ ይሄን በየትኛው ተራ ቁጥር ላስገባው?» አለችኝ።

የግሌ ነው አልኳት። ሳቀች። ሰውን ሁሉ ስኳር ተው ስትል የኖረች የሥነ ምግብ አስተማሪ ስኳር ቋጥራ በመሳቢያ ስትደብቅ መገኘቷ ገርሟት ነው። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ዕቃዬን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ግን ስለዚያ ቋጠሮ ለማንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናግሬ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ቋጠሮው የአንድ ልብስ ሰፊ ነገር ነው። ያ ሰው በኔ ምክር ምክንያት ያጣው ነገር አለ። ተማሪዎቼ ለስንብት የሰጡኝ ጨርቅም እስካሁን ሳይሰፋ ቁም ሳጥኔ ውስጥ የተቀመጠው በሱ ምክንያት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ልኬን ያለ ሜትር ያወቀ ሰው አንድ እሱ ብቻ ነበርና።

ሥራ የጀመርኩት በአስተማሪነት አይደለም። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥ ቤት መዝጋቢ ነበርኩ፤ ስንት እንጀራ ገባ፣ ስንት ሰው በላ እያልኩ መጻፍ። ስለ ደሞዙ አላወራም፣ የሚወራ አልነበረም። የበሽተኞች ምግብ ኃላፊው ጋሽ ታደገ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋዋናቸው ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የጎደለው ሰው ናቸው። ሐኪሞቹ እስክሪብቶ በሚሰኩበት የደረት ኪስ እሳቸው ማንኪያ ይሰካሉ። ከወጥ ቤቱ በር የሚወጣ ሳህን ሁሉ በዚያ ማንኪያ ሳይቀመስ አይወጣም። ጨው የሌለው ሽሮ፣ ዘይት የሌለው ምስር፣ ለጥርስ የለሾች የተፈጨ ሥጋ፣ ሁሉንም ቀምሰው ይውጡታል እንጂ አይተፉም። እኔ ያልዋጥኩትን ሌላውን ዋጥ ማለት ነውር ነው ይሉ ነበር።

አንድ ቀን፣ በየቀኑ ያንን ጨው አልባ ሽሮ መቅመስ አይሰለችዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንዴት አይሰለቸኝም? የምቀምሰው እኮ ለሱ ነው» አሉኝ። «በስንተኛው ጉርሻ እንደሚሰለች ካላወቅሁ፣ በስንተኛው ጉርሻ ላይ ሰውየውን ማጫወት እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?»

ሌላው ልማዳቸው ጥያቄ ነው። ስኳር በሽተኛ ሲተኛ ሐኪሙም ነርሷም ስኳር ትወስዳለህ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ በሽተኛው ሁሉ አልወስድም ይላል። ጋሽ ታደገ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡና መጀመሪያ ስለ ሰፈር፣ ስለ ልጆች ያወራሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ሻይዎ ላይ ስኳሩን ማን ይጨምርልዎታል?» ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ የሚዋሽ ሰው አላየሁም። ባለቤቴ ይላል፣ ልጄ ይላል፣ የመሥሪያ ቤታችን ሻይ አፍዪ ናት ይላል። እሳቸው በሽተኛውን ትተው ያንን ሰው ያስጠሩና ከሱ ጋር ይነጋገራሉ። በኛ አገር ስኳር የሚለካው ጠጪው ሳይሆን ቀጂው ነው፤ ቀጂው ደግሞ ስስታም እንዳይባል ማንኪያውን ይቆልለዋል፣ ሻይ ካልጣፈጠ የሚታማው ቤቱ ነው ይሉኝ ነበር። እኔም ይህን ከሰማሁ በኋላ የሄድኩበት ቤት ሁሉ ዓይኔ ከሰው ፊት ይልቅ ማንኪያ የያዘው እጅ ላይ ይቀር ጀመር። ባለቤቴ ነገሩ በዛ ብሎኝ ያውቃል።

በማታ ትምህርት ዲፕሎማዬን እንድይዝ የገፉኝ እሳቸው ናቸው። ዲግሪውን ስጨርስ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። አለቃዬ ጥሩ ሐኪም ነበር፤ ሥነ ምግብ ማለት ግን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የጎመንና የካሮት ሥዕል ነው ብሎ ያምናል። የድሮ ካርድ የሚከማችበትን ክፍል አስጠርጎ ሰጠኝ። ክፍሉ ለዓመታት አሮጌ ወረቀት አሮጌ ወረቀት ይሸት ነበር። ነርስ አይደለሁም ብል የሚሰማኝ ስላልነበረ በሽተኞቹ ሁሉ ሲስተር ሙሉ ይሉኛል፤ እኔም ለመድሁት።

የማጣፈጫ ክኒን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። አንዲት እናት እህቷ ከዓረብ አገር የላከችላትን አምጥታ፣ ይሄ ነገር ምንድነው ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ጀርባውን ሲጫኑት አንዲት ምስር የምታህል ክኒን ትፍ የሚያደርግ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ወዲያው ልቤን ሰረቀው። የዚያኑ ቀን ሜክሲኮ ወርጄ በየፋርማሲው እየጠየቅሁ ያገኘሁትን ዓይነት ሁሉ ገዛሁና ቤቴን ቤተ ሙከራ አደረግሁት። አንደኛውን ከሻዩ ጋር ብዙ ሳፈላው ጣዕሙ ጠፋ። ሌላኛው እሳቱን ቻለ፣ ግን ከዋጡት በኋላ ምላስ ሥር ምሬት ይተዋል። ክኒኑን ቀንሼ ቀረፋና ቅርንፉድ ስጨምር ምሬቱ ተሸፈነ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ አራት ብርጭቆ ሻይ ደርድሬ እጠብቀዋለሁ። ሚስቴ ሻዬን ብረት ብረት አስባለችብኝ እያለ ለጎረቤት ሲከሰኝ ሰምቻለሁ፤ ግን ሁሉንም ይቀምስልኝ ነበር። ያ ጊዜ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ደስ ያለኝ ጊዜ ነው። ሰው ሻዩን ሳይነጠቅ ስኳሩን ሊተው ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ጋሽ በላቸው የመጡት በዚያ ደስታዬ መሐል ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ነበረቻቸው፤ መኖሪያቸው ላንቻ ነው። ሚስታቸው ሞታባቸው ከልጃቸው ከትዕግስት ጋር ይኖራሉ፤ አብራቸው ትሰፋለች። በሰፈራቸው የታወቁት የሰው ልክ ባለመጻፍ ነው። ደብተር የላቸውም። ከሦስት ዓመት በኋላ የተመለሰ ደንበኛን በር ላይ እንዳዩት ትከሻህ አርባ አራት ነው፣ ወገብህን ግን እንደገና መለካት አለብን ይሉታል። መጀመሪያ ቀን ሚዛን ላይ ሳወጣቸው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «አንቺ እኔን እየመዘንሽ ነው፤ እኔ አንቺን ለክቼ ጨርሻለሁ። ትከሻሽ ሠላሳ ስምንት ነው» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ባለቤቴ ትከሻዬን በሜትር እንዲለካ አደረግሁ። ሠላሳ ስምንት።

ጠዋት ጠዋት የኢንሱሊን መርፌ ይወጋሉ። ስኳሩን ማን ይጨምርልዎታል ስላቸው ወደ ልጃቸው ጠቆሙ። እኔም ጋሽ ታደገ እንዳስተማሩኝ ከትዕግስት ጋር ተነጋገርኩ። ክኒኑን አሳየኋት፣ ቀረፋውን ነገርኳት፣ ሁልጊዜ ራስሽ ቀምሰሽ ስጪያቸው አልኳት። እንደሷ ያለ ሰሚ ገጥሞኝ አያውቅም። በሁለተኛው ቀጠሮ ስትመጣ ቤታቸው ውስጥ አንዲት ፍሬ ስኳር እንደሌለች ነገረችኝ፤ ዓይን ካላየ ልብ አይመኝም ብላ ስኳሩን ከነቆርቆሮው ለጎረቤቷ ሰጥታለች። ማሩንም እንዲሁ። እጄን አጨብጭቤ ተጠባባቂው ሁሉ እየሰማ አመሰገንኳት። ካርዱ ላይ «ስኳር ከቤት ወጥቷል፤ በጣም ጥሩ» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ።

ፍልሰታ ገባ። ይጾማሉ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ለበሽተኛ ጾም የለም ብላችሁን የለ እንዴ ብለው መለሱልኝ፤ እኔም አይጾሙም ብዬ መዘገብኩ። አሁን ሳስበው አልዋሹኝም፤ አልመለሱልኝም እንጂ። በነጋታው ማለዳ እንደ ልማዳቸው መርፌያቸውን ተወግተው፣ ለልጃቸው ሱቅ ነኝ ብለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቅዳሴው እስኪወጣ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ቆሙ። ቤታቸው ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ በላብ ተጠምቀዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ተሳስሯል።

ትዕግስት ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። የጤና ጣቢያችን ነርስ ጣፋጭ ሻይ ቶሎ ስጪ ብላ ነግራታለች። ሻይ አፈላች። አንድ ክኒን ሳይሆን አራት ጨመረች። ሲስተር ሙሉ እንዳለችው ቀመሰችው፤ እንደ ማር ይጣፍጣል። ደግፋ አጠጣቻቸው። ምንም ለውጥ ስላላየች ሁለተኛ አፈላች፤ ስድስት ጨመረች። ጣፋጩ አነሰ ብላ ነው። የሰጠችው የስኳር ቆርቆሮ በዚያው ግቢ፣ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጎረቤቷ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳይጨርሱ ራሳቸውን ሳቱ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ታክሲ የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል። ሆስፒታል ደርሰው ግሉኮስ እስኪሰጣቸው ረጅም ጊዜ አለፈ።

በማግስቱ ሰምቼ ሮጥኩ። ትዕግስት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ተነሣች፣ ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሲስተር፣ ጣፍጦ ነበር እኮ» አለችኝ። «ቀምሼዋለሁ። ሁለቴ ቀምሼዋለሁ።»

 ያ ክኒን ምላስን እንጂ ደምን እንደማያጣፍጥ፣ ስኳር የወረደበት ሰው የሚያስፈልገው ጣዕሙ ሳይሆን ስኳሩ ራሱ መሆኑን አልነገርኳትም ነበር። ለምን እንዳልነገርኳት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄያለሁ። የማውቀው ነገር ስለሆነ ነው መሰለኝ፤ አብዝቶ የሚያውቁትን ነገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይመስላል። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

ጋሽ በላቸው ዳኑ። ማለት ቆመው ሄዱ፣ በሉ፣ ልጃቸውን ለዩ። ግን ልኮቹ ሁሉ ከአእምሯቸው ጠፉ። ሱቃቸው ሲመለሱ ደንበኛ ይገባል፣ ያዩታል፣ ፈገግ ይላሉ፣ ቁጥር ግን አይመጣም። ሜትር ይዘው ለክተው ጨርቁ ጋ እስኪደርሱ ይረሱታል። አንድ ኮት ሁለቴ ቆርጠው ሁለቴ አበላሹ። ትዕግስት ደብተር ገዛች። አለቃዬ ጠርቶ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ መጾማቸውን ደብቀዋል፣ ሪፖርቱን እንደሆነው ጻፊ አለኝ። ልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለው «በጣም ጥሩ» ግን የኔ ጽሑፍ ነው፤ አሁን ድረስ የቀለሙ ዓይነት ሳይቀር ዓይኔ ላይ አለ።

ጋሽ ታደገ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ወሎ ሰፈር ከአንዲት ትንሽ ካፌ ደጃፍ አይጠፉም ነበር። ሄጄ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ያባብሉኛል ብዬ ነበር፣ አላባበሉኝም።

«ግማሹ ጥፋት የኔ ነው» አሉኝ። «ቀምሰሽ ስጪ ብዬ አሳደግሁሽ። እኔ ስቀምስ የኖርኩት ጨው የጎደለው ወጥ ነበር፤ የጎደለው ነገር አፍ ላይ ይታወቃል። ያንቺ ክኒን ደግሞ ሥራው የጎደለውን መደበቅ ነው። እሱን በምላስ እንዴት ታገኚዋለሽ?»

ከዚያ ማንኪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ጡረታ ወጥተውም ይዘውት ይዞሩ ነበር። ይሄ ምርቃት አይደለም፣ የት ላይ እንደማይሠራ እንድታስታውሺበት ነው አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አጠያየቄን ቀየርሁ። ይጾማሉ ወይ ማለት ተውኩ፤ ትናንት መጀመሪያ የቀመሱት ምንድነው፣ በስንት ሰዓት ነው እላለሁ። ስኳሩን ማን ይጨምርልዎታል ከሚለው ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ጨመርኩ፤ ሲንቀጠቀጡ ስኳሩን ከየት ያመጣልዎታል? እዚያው ሁለት ሦስት ማንኪያ ስኳር በላስቲክ ቋጥሬ፣ በቀይ ክር አስሬ ለቀጂው ሰው እሰጠዋለሁ። ይሄ ለሻይ አይደለም፣ መድኃኒት ነው፣ ሚስማር ላይ ስቀሉት እላለሁ። አለቃዬ ስኳር በሽተኛ ክፍል ውስጥ ስኳር ስታድዪ ሰው ምን ይለናል ብሎ ተቆጣኝ፤ ነገሩን ሳስረዳው ቀይ ክሩን በጤና ጣቢያው ወጪ ገዛልኝ። ለትዕግስትም አንድ ቋጠሮ ላክሁላት፣ በሰው እጅ። ራሴ መሄድ ግን አልቻልኩም። መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ሄጄ ነበር፤ ጋሽ በላቸው እየደጋገሙ ስሜን ሲጠይቁኝ አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሜክሲኮ ሳልፍ በማዶ ነበር የማልፈው።

ወደ ኮሌጁ የመጣሁት የጤና ጣቢያውን ዘመኔን ጨርሼ ነው። የሥነ ምግብ ተማሪዎችን በተግባር አሠልጥኚ ተባልኩ። ገና በመጀመሪያው ወር አንድ ገጽ ጥያቄ አዘጋጅቼ ስም ሳይጽፉ አስሞላኋቸው። ስለ ስኳር ምትኮች ምን ታውቃላችሁ፣ እናንተስ ምን ትጠቀማላችሁ የሚል ነው። ለማርክ አልነበረም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ያገኘሁት ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ሳካሪን፣ አስፓርቴም፣ ሱክራሎዝ፣ ስቴቪያ፣ ሁሉንም ከነባሕርያቸው ያውቋቸዋል። ናሆም የሚባል ፈጣን ልጅ «ቲቸር፣ ማለቴ፣ አስፓርቴም እኮ ኢ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ነው» ብሎ ሳልጠይቀው ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውን መለያ ቁጥር ነገረኝ። የሚጠቀም ግን የለም ማለት ይቻላል። ቀምሶ የሚያውቅም ጥቂት ነው። ታዲያ ከትምህርት በኋላ ከነሱ ጋር ታች ካፌ እየወረድሁ ዓይኔን ማንኪያ ላይ ማሳረፍ ጀመርሁ። ካፌው ስኳር በትናንሽ ወረቀት አሽጎ ነው የሚያቀርበው። ናሆም ሦስት ወረቀት ቀድዶ ማኪያቶው ላይ ደፋና ማማሰል ጀመረ። ያ ሁሉ እውቀት የት ሄደ አልኩት።

«በቃ ቲቸር፣ እሱ ለፈተና ነው፣ ይሄ ለማኪያቶ ነው» አለኝ፤ ተንኮል የለውም፣ እውነቱን ነው።

እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት ነበረው። አንዱ ካንሰር ያመጣል ብሎ ከስልኩ ላይ አንብቧል። አንዷ ስቴቪያ ቅጠል ስለሆነ የፈለግሁትን ያህል ብወስድ ምንም አይለኝም ትላለች። ሌላው ስኳር የሌለው ለስላሳ ያዝዝና ከጎኑ ክሬም ኬክ ያስደርጋል፤ ተካካሰ ይላል። በጣም ያሳሰበኝ የሃያት መልስ ነው። ያኔ አንደኛ ዓመት የነበረች ዝምተኛ ልጅ ናት። ቦርሳዬ ውስጥ ያን ክኒን ይዤ ብታይ ስኳር አለባት ይሉኛል፣ ወሬው ቤታችን ሳልደርስ ይደርሳል፣ ማን ያገባኛል አለችኝ። በስንት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጣዕም፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ደኅንነት አንብቤያለሁ፤ ክኒኑ የበሽተኛ ምልክት ሆኖ ባል ሊያስቀር እንደሚችል የጻፈ አላየሁም። የዚያኑ ቀን ሃያት የተረፉትን የስኳር ወረቀቶች ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት። ስኳር እንዲህ ትወዳለች እንዴ ብዬ ታዘብኳት፤ አልጠየቅኋትም።

በየዓመቱ ማብቂያ አንድ ትምህርት ነበረኝ። ሁለት ፔርሙዝ ሻይ አፈላለሁ፤ አንዱ በስኳር፣ አንዱ በክኒን፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ለሁለቱም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልናገር አስቀምሳቸዋለሁ። ይከራከራሉ፣ ይወራረዳሉ፣ ከሞላ ጎደል ግማሹ ይሳሳታል። ሳቁ ሲበርድ ወንበር ላይ ቁጭ እልና እጄን ማንቀጥቀጥ እጀምራለሁ። መርፌዬን ጠዋት ተወግቻለሁ፣ እህል አልቀመስኩም፣ ምን ትሰጡኛላችሁ እላለሁ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ጣፋጭ የመሰለውን ብርጭቆ ይዞ ይሮጣል። ናሆምም በዓመቱ ሮጧል፤ ያቀረበልኝ የክኒኑን ነበር። ሌላ ጊዜ የስኳሩ ይሆናል፣ ግን በዕድል ነው። የክኒኑን ሲያቀርቡልኝ ተቀብዬ እጠጣለሁ፣ እጄ መንቀጥቀጡን አይተውም። ያን ጊዜ ነው የጋሽ በላቸውን ነገር የምነግራቸው። ስማቸውን አልጠራም፣ ምክሩን የሰጠችው ማን እንደሆነችም አልናገርም ነበር። አንዲት ባለሙያ እላለሁ። ይህንን ፈሪነቴን አሁን ነው የምናዘዘው።

በመጨረሻው ዓመት የሃያት ክፍል ተራ ደረሰ። ቀመሱ፣ ተከራከሩ፣ እኔም ተቀምጬ ተንቀጠቀጥሁ። አንዱ ብርጭቆ ሊያነሣ እጁን ሲሰነዝር ሃያት ቀደመችው። ሁለቱንም ብርጭቆ አልነካችም። ቦርሳዋን ከፍታ የካፌውን የስኳር ወረቀት አወጣች፣ ጽሑፉን አንድ ጊዜ አየችው፣ ቀደደችና መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ።

«ቲቸር፣ ምን እንዳለበት የማላውቀውን አልሰጥም» አለችኝ።

ከየት ተማርሽው አልኳት። አባቷ መርፌ ይወጋሉ። በረመዳን አይጹሙ ሲባሉ እሺ ይሉና ደብቀው ይጾማሉ፤ ስለዚህ እሷ ከሄደችበት ሁሉ የታሸገ ስኳር እየሰበሰበች በየኮታቸው ኪስ ትከታለች፣ ለራሷም ትይዛለች። አራት ዓመት ካስተማርናት ነገር አንዱም አይደለም። ስኳር ትወዳለች ብዬ የታዘብኳት ልጅ እኔ በሰው ሕይወት የተማርኩትን ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ ተምራው ነበር። ደስ አለኝ፤ ትንሽም አመመኝ። ያን ቀን ታሪኩን ስነግራቸው አንዲት ባለሙያ አላልኩም። እኔ ነኝ አልኩ።  ከዚያ ሃያት፣ ሰውየውን አሁን ያገኙዋቸዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላገኛቸውም አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። በስንብቴ ቀን ጨርቁን ያቀበለችኝ እሷ ናት፤ ጥሩ ሰፊ ይፈልጉለት ብቻ ነው ያለችኝ።

ንብረት ያስረከብሁ ዕለት ቤቴ ገብቼ የመሳቢያውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። ማንኪያውን አየሁት፣ ቋጠሮውን አየሁት። በማግስቱ ጨርቁን ይዤ ሜክሲኮ ወረድሁ፤ በማዶ ሳይሆን በሱቁ በኩል።

ትዕግስት ፀጉሯ ጣል ጣል ሸብቷል። የስፌት መኪናዋን አቁማ አየችኝና ተነሥታ ሳመችኝ። ለምን ጠፋሽ አላለችኝም። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ሚስማር አለ፤ በቀይ ክር የታሰረ ስኳር ተንጠልጥሎበታል። ላስቲኩ አዲስ ነው፣ ስኳሩም ነጭ ነው። በየጊዜው ትለውጠዋለች ማለት ነው።

ጋሽ በላቸው በሩ አጠገብ ትራስ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነበር።

«ማናት?» አሉ።

«ሲስተር ሙሉ ናት፣ አባዬ። ልብስ ልታሰፋ ነው።»

ስሙ ምንም አላላቸውም። ልብስ የሚለውን ሲሰሙ ግን ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። ዙሪያዬን ዞሩ፤ የድሮውን አስተያየት አየሁት፣ ከላይ እስከ ታች። ትከሻዬ ላይ ሜትሩን ዘርግተው ነበር፣ ቁጥሩን ግን አላነበቡትም።

«ትከሻዋ አርባ አራት» አሉ፣ ድሮ ሚዛን ላይ ሆነው ሲናገሩኝ እንደነበረው ሳያመነቱ።

ትዕግስት ከኋላዬ ጠጋ ብላ የሜትሩን ጫፍ አየች። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትጽፍ ዝቅ ብዬ አየሁት፤ ሠላሳ ስምንት ብላ ነው የጻፈችው።

«ልክ ነህ፣ አባዬ» አለቻቸው።

ፊታቸው በራ። ሜትሩን አንገታቸው ላይ መልሰው፣ ቀሚሱ ለመቼ እንደሚደርስልኝ ይነግሩኝ ጀመር።